መድኃኒት ሲጎዳ ተጠያቂው ማን ነው?

ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ጉዳት ባደረሰ ጊዜ ተጎጂው የሚያቀርበው የፍትሐ ብሔር ክስ፣ ማለትም የደረሰበትን ኪሣራ በገንዘብ ለማስካስ የሚያነሣው አቤቱታ፣ በኢትዮጵያ ሕግ እንደ ተከሳሹ ማንነት መንገዱን ይለውጣል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2085 ዕቃ አምርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብን ሰው፣ ዕቃው በአግባቡ ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ይህ ጥፋት ባይኖርም የሚከተል ኃላፊነት ስለሆነ ተጎጂው የፋብሪካውን ቸልተኝነት ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ መድኃኒቱን በታዘዘለት መሠረት መውሰዱንና ጉዳቱ ከዚያ መምጣቱን ማሳየት ግን ግድ ይለዋል። ጉድለቱ በተለመደ ምርመራ ሊታወቅ ይችል ከነበረ አምራቹ ነጻ ይወጣል፤ ይህ መከላከያ ለወንበርና ለጫማ ይመች ይሆናል እንጂ ክኒን ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር በዐይን ለይቶ የሚያውቅ ሕመምተኛ የለም። የመጠቀሚያ ጊዜው ማለፉ በማሸጊያው ላይ እየተነበበ መዋጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ፋብሪካው ውጭ አገር ሲሆን ደግሞ መብቱ ከወረቀት ወደ እጅ የሚገባው በብዙ ድካም ነው።

ሐኪሙ ሲከሰስ ነገሩ ይገለበጣል። አንቀጽ 2647 ሐኪምን ተጠያቂ የሚያደርገው በሽተኛው ስላልዳነ ሳይሆን የሙያውን ደንብ ጥሶ ሲያጠፋ ነው፤ ለምሳሌ ፔኒሲሊን እንደማይስማማው በካርዱ ላይ ለተጻፈለት ሰው ያንኑ ማዘዝ። ሆስፒታሉም በአንቀጽ 2651 መሠረት ለሠራተኞቹ ጥፋት ይጠየቃል።

የጊዜው ጉዳይ ብዙዎችን ያዘናጋል። በሕክምና ውል ላይ የተመሠረተ ክስ በመርህ ደረጃ እስከ 10 ዓመት ሊቀርብ ሲችል፣ ውል በሌለበት፣ አብዛኛውን ጊዜ በአምራቹ ላይ፣ የሚነሣው ግን በአንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ቀስ በቀስ ኩላሊት ወይም ጉበት ለሚጎዳ መድኃኒት ይህ አጭር ነው።

ማስረጃው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው ገና በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ነው። ክኒኑ ከትልቅ ዕቃ ተቆጥሮ በትንሽ ከረጢት ሲሰጥ የአምራቹ ስምና የባች ቁጥሩ፣ ማለትም በአንድ ዙር የተመረተው መድኃኒት መለያ፣ ከሕመምተኛው ጋር አይሄድም። ስለዚህ የማዘዣው ቅጂ፣ ደረሰኙና የቀረው ክኒን መቀመጥ አለባቸው። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መድኃኒትን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የጎንዮሽ ጉዳት ጥቆማ ይቀበላል፤ ጥቆማው ምርቱን ከገበያ ሊያሰበስብ ይችላል፣ ለተጎጂው ግን በራሱ ካሣ አያስገኝም፣ የይርጋውንም ቆጠራ አያቋርጥም።