ተቃራኒ በሌለበት ጨዋታ ዳኛው ማን ነው?

ኮንከር የተጫወተ ሁሉ «በእኛ ሰፈር ሕጉ እንዲህ ነው» የሚለውን ክርክር ያውቀዋል። ክርክሩ ቶሎ የሚነሳው ተቃራኒ ስላለ ነው፤ አንዱ ሕግ ሲጥስ ሌላው ወዲያው ይጮሃል። ሁሉም ተጫዋቾች በአንድ ወገን ሆነው አብረው በሚያሸንፉበት ወይም አብረው በሚሸነፉበት የካርታ ጨዋታ ግን ነገሩ ይለያል። ሕጉ ቢላላ ሁሉም ይጠቀማል፤ ስለዚህ የሚቃወም አይገኝም። ልጆች ግን ያስተውላሉ፤ ድሉም ጣዕሙን ያጣል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው «ሀናቢ» ነው። ስሙ በጃፓንኛ ርችት ማለት ነው። ፈረንሳዊው አንትዋን ባውዛ የፈጠረው ይህ ጨዋታ በ2013 እ.ኤ.አ. በጀርመን የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ተብሎ ተሸልሟል።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። በአምስት ቀለም የተከፈሉ 50 ካርታዎች አሉ። በእያንዳንዱ ቀለም «1» ሦስት ጊዜ፣ «2»፣ «3» እና «4» ሁለት ሁለት ጊዜ፣ «5» ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይገኛል። ዓላማው የየቀለሙን ካርታ ከ1 እስከ 5 በቅደም ተከተል መደርደር ነው። ጨዋታውን የሚያጣፍጠው ተጫዋቹ ካርታውን ፊቱን ወደ ሌሎች አዙሮ መያዙ ነው፤ የሁሉንም ያያል፣ የራሱን ግን አያይም። ተራው ሲደርስ ለሌላው ፍንጭ ይሰጣል፣ ካርታ ይጥላል ወይም ይደረድራል። አንድ ፍንጭ ከ8ቱ ጠጠሮች አንዱን ይወስዳል፤ ካርታ ሲጣል አንድ ጠጠር ይመለሳል። ሦስተኛው የመደርደር ስህተት ጨዋታውን ያበቃዋል።

መልስ ያላቸው ጥያቄዎች

ብዙ ጊዜ ግራ የሚያጋቡ አንዳንድ ነጥቦች በሕጉ የተመለሱ ናቸው።

• ሁለት ቀይ ካርታ ለያዘ ልጅ አንዱን ብቻ ጠቁሞ «ይህ ቀይ ነው» ማለት አይቻልም፤ ቀዮቹ ሁሉ መጠቆም አለባቸው።
• ቀለምና ቁጥር በአንድ ፍንጭ አይነገሩም።
• 8ቱም ጠጠሮች በቦታቸው ካሉ ካርታ መጣል አይፈቀድም።
• የመጨረሻው ካርታ ከክምሩ ሲነሳ ያነሳውን ጨምሮ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ተራ ይቀረዋል።

ቤተሰቡ የሚወስናቸው

ሌሎቹ አከራካሪ ናቸው። «ምንም ሰማያዊ የለህም» ማለት ፍንጭ ነው? ቀደም ሲል የተነገረን ፍንጭ የረሳ ልጅ መጠየቅ ይችላል? ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ ድምፅና ፊት ነው። አባት «ይህ... አንድ ነው» ብሎ ቃሉን ሲያስረዝም፣ ወይም እናት ልጇ ካርታ ልትጥል ስትል ትንፋሿን ስትስብ፣ ሕጉ ያልፈቀደው ፍንጭ ተላልፏል። ማንም ግን አይከስም፤ ሁሉም ማሸነፍ ይፈልጋልና።

መፍትሔው አስቀድሞ መነጋገር ነው። ካርታው ከመታደሉ በፊት አምስት ደቂቃ ወስዳችሁ እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ወስኑ። ትንንሽ ልጆች ካሉ የተረሳ ፍንጭ መጠየቅ ይፈቀድ፤ ይህ ማጭበርበር ሳይሆን ሁሉም የተስማማበት ሕግ ይሆናል። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አስቀድሞ የተስማሙበት ማቅለያ ሕግ ነው፣ ሽንፈት ሲቀርብ የተፈለሰፈ ማቅለያ ግን ማምለጫ ነው።

በጨዋታው መሀል ያልታሰበ ጥያቄ ቢነሳስ? በመጀመሪያ መመሪያውን ተመልከቱ። መልስ ከሌለው ለእናንተ የሚከብደውን ትርጉም ይዛችሁ ቀጥሉ፤ ውይይቱን ለጨዋታው ማብቂያ አቆዩት። በዚህ መንገድ የተገኘ ድል ማንም የማይጠራጠረው ይሆናል።

ውሳኔው ሁልጊዜ የአባት ወይም የታላቅ ወንድም እንዳይሆንም ተጠንቀቁ። በጋራ ጨዋታ አንድ ሰው ሁሉን ሲያዝ ሌሎቹ ካርታ ያዥ ብቻ ሆነው ይቀራሉ። የሕግ ጠባቂነቱን በየጨዋታው ለተለያየ ሰው ስጡ፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ መመሪያውን አንብባ «አባዬ፣ እንደዚያ አይቻልም» ስትል አባትም ይታዘዝ። ለእሷ ይህ ከነጥቡ የሚበልጥ ትምህርት ነው፤ ሕግ ትልልቆቹንም እንደሚገዛ በዓይኗ ታያለች።

የተስማማችሁበትን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ከካርታው ጋር በሣጥኑ ውስጥ አስቀምጡት። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንግዳ ቢመጣም ጨዋታው የሚጀመረው ያንን ወረቀት በማንበብ ይሆናል።