«በአንድ ጌም ተበላሁ!» ቤቲንግ አንጎላችንን እንዴት ይይዛል?



አዳማ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት በፍራንኮም ሆነ በፖስታ ቤት በኩል እለፉ፤ ቲኬት ይዘው ስክሪን ላይ ያፈጠጡ ወጣቶች ታያላችሁ። ሞጆም፣ ባቱም፣ ሻሸመኔም ያው ነው። እኔ ጋ የሚመጡት ግን «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብለው ነው። ቀስ ብዬ ስጠይቅ የባጃጁ ገቢ፣ የቤት ኪራዩ ብር ሁሉ ቤቲንግ ላይ አልቋል። ከዚያ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ እንደምበላ እያወቅኩ ለምን እመለሳለሁ?»

መልሱ ያለው ዶፓሚን ጋ ነው። ብዙዎች «የደስታ ኬሚካል» ይሉታል፤ ትልቁ ሥራው ግን «ይሄ ይጠቅማል፣ ድገመው» ብሎ አንጎልን ማስተማር ነው። ቮልፍራም ሹልትዝ የተባለ ተመራማሪ ጦጣዎች ላይ ያየው ነገር አለ። ያልጠበቁት ጭማቂ ሲሰጣቸው የዶፓሚን ሴሎቻቸው ይነቃቃሉ። ጭማቂው ከመምጣቱ በፊት ምልክት ማየት ከለመዱ በኋላ ግን ሴሎቹ የሚነቃቁት ገና ምልክቱን ሲያዩ ነው። ቲኬት መቁረጥም እንደዚያ ምልክት ነው፤ ብሩ ሳይመጣ ልብ ይሞቃል።

ከ10 ጌም 9ኙ ገብቶ አንዱ ሲቀርስ? ያው መበላት ነው። አንጎል ግን «ለጥቂት» የሚለውን ሽንፈት እንደ ማሸነፍ ቆጥሮ በድል ጊዜ የሚሠሩትን ክፍሎች ያነሳሳል። ስለዚህ እንደገና ትቆርጣላችሁ።

እስቲ እናስላው። እያንዳንዱ ጌም የመግባት ዕድሉ 70 በመቶ ቢሆን እንኳ 10ሩም አብረው የሚገቡት ከ100 ቲኬት በ3ቱ ገደማ ብቻ ነው።

ነገሩ የባህርይ ብልሹነት ብቻ አይደለም። ዶፓሚንን የሚተኩ የፓርኪንሰን መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ፕራሚፔክሶል፣ ቁማር ነክተው የማያውቁ አንዳንድ ታማሚዎችን ቁማርተኛ ያደርጋሉ። እንዲህ ያለ ነገር ቤታችሁ ካያችሁ ለሐኪሙ ንገሩ፤ መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. የአንጎላችን «ፍሬን» ያለው ግንባራችን በኩል ነው። እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ዕድሜ እየበሰለ ይቆያል፤ እንቅልፍ ማጣትና መጠጥ ደግሞ ያዳክሙታል። ስለዚህ ውሳኔውን ጨዋታው ሳይጀመር ጠዋት ወስኑ፤ አፑንም አጥፉ።

2. የዕለት ገቢ እጃችሁ ላይ አይደር። መጀመሪያ እቁቡን ጣሉ፣ የተረፈውን ለእናት ወይም ለትዳር አጋር ስጡ።

3. «የተበላሁትን ላስመልስ» የሚል ሐሳብ ሲመጣ ከቦታው ተነሱ። ግለቱ ትንሽ ከቆየ ይበርዳል።

4. መተው ካቃታችሁ ሕክምና አለው። የቁማር ሱስ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ከመጠጥና ከሌሎች ሱሶች ጎን ተመድቧል። አቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሂዱ። ዕዳው «ብሞት ይሻላል» እስከማለት ካደረሳችሁ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ተናግራችሁ አብራችሁ ኑ።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ከስድቡ በፊት ይሄን አንብቡለት። ለሌሎችም ሼር አድርጉ። ጤና ሁኑ!