ማስረጃው በተቃራኒ ወገን እጅ ሲሆን፦ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የሰነድ ውዝግብን እንዴት ይፈታሉ?

የትርፍ ሰዓት ክፍያ ተከልክያለሁ ብሎ አሠሪውን በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት የሚከስ ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ አንድ ችግር ይገጥመዋል፤ የሰዓት መቆጣጠሪያውም ሆነ የደመወዝ መዝገቡ የሚገኘው በአሠሪው እጅ ነው። በፌዴራሉ የሠራተኛ ሕግ የሚገዙ አሠሪዎች የደመወዝ መዝገብን ቢያንስ ለ3 ዓመታት፣ የሰዓት መቆጣጠሪያን ደግሞ ለ2 ዓመታት የማቆየት ግዴታ አለባቸው። ሆኖም ሰነዱ መኖሩ ብቻውን ለከሳሹ አይበቃም፤ እጁ ሊገባ ይገባል።

ይህን የሚያስችለው ሥርዓት በእንግሊዝኛ «ዲስከቨሪ» ይባላል። በኢትዮጵያ ተከራካሪዎች የማስረጃ ዝርዝራቸውን ከክሱ ወይም ከመልሱ ጋር አያይዘው ያቀርባሉ፤ በሌላ ሰው እጅ ያለ ሰነድ ሲያስፈልግም ፍርድ ቤቱ እንዲቀርብ ያዛል። በአሜሪካ ግን ጥያቄው በቀጥታ ለተቃራኒው ወገን ይላካል።

ጥያቄው የደረሰው ወገን በአብዛኛው በ30 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መመለስ አለበት። መቃወም ይችላል፤ ነገር ግን ምክንያቱን ለይቶ መግለጽና በተቃውሞው የተነሣ ያስቀረው ሰነድ መኖር አለመኖሩን ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ከጠበቃ ጋር የተደረገ ምሥጢራዊ ምክክር ነው በሚል ሰነድ የሚያስቀር ወገንም የሰነዱን ምንነት ምሥጢሩን ሳያወጣ ማስረዳት ይኖርበታል።

አለመግባባት ሲፈጠር ወደ ዳኛ መሮጥ አይቻልም። ሕጉ ተከራካሪዎች በቅን ልቡና ተነጋግረው ለመስማማት እንዲሞክሩ ያስገድዳል። ሰነዱ እንዲሰጥ ትእዛዝ የሚጠይቅ አቤቱታም ይህ ሙከራ መደረጉን ማረጋገጥ አለበት። ጉዳዩን ብዙ ጊዜ የሚመለከተው ማጅስትሬት ዳኛ ነው። በ2015 የተሻሻለው ደንብ እንደሚለው ዳኛው ሰነዱ ለክርክሩ ያለውን አግባብነት ብቻ ሳይሆን ወጪው ከጥቅሙና ከጉዳዩ ክብደት ጋር መመጣጠኑንም ይመዝናል።

አቤቱታው ተቀባይነት ሲያገኝ ያለ በቂ ምክንያት ሰነድ የከለከለው ወገን የሌላውን የጠበቃ ወጪ ሊከፍል ይችላል። ያለ በቂ ምክንያት አቤቱታ አቅርቦ የተሸነፈም እንዲሁ። የፍርድ ቤት ትእዛዝ የጣሰ ወገን ደግሞ ክርክሩን እስከ መሸነፍ ሊደርስ ይችላል።

ሰነድ ማጥፋት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ኒው ዮርክ ውስጥ ዩቢኤስ በተባለው ባንክ ላይ የቀረበው የጾታ መድልዎ ክስ ያሳያል። ሎራ ዙቡሌክ የተባሉት የቀድሞ ሠራተኛ በመሠረቱት በዚህ ክስ የባንኩ ሠራተኞች ኢሜይሎችን መሰረዛቸው ታወቀ። ዳኛ ሺራ ሻይንድሊን በ2004፣ የዳኝነት ሸንጎው የጠፉት መልእክቶች ባንኩን የሚጎዱ እንደነበሩ ሊገምት እንደሚችል እንዲነገረው ወሰኑ። ሸንጎው በ2005 ለከሳሿ ከ29 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረደ። ዛሬ በሥራ ላይ ባለው ደንብ እንዲህ ያለው ግምት የሚፈቀደው የኤሌክትሮኒክ መረጃው ሆን ተብሎ፣ ተቃራኒውን ወገን ማስረጃ ለማሳጣት ሲጠፋ ነው።

ግዴታው ግን በአሠሪ ላይ ብቻ የሚጫን አይደለም። ለመክሰስ ያሰበ ሠራተኛም በስልኩ ላይ ያሉትን የጽሑፍ መልእክቶችና ፎቶግራፎች፣ የሚጎዱት ቢመስሉትም እንኳ፣ ሳይሰርዝ ማቆየት አለበት። ተቃራኒው ወገን በተራው ሲጠይቀው ማቅረብ የሚኖርበት እርሱ ነውና።