ቫይረስ አልበላውም

ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ከሰዓት፣ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ የነበሩ አዛውንት ቤቴ መጡ። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በፌስታል የተጠቀለለች ፍሎፒ ዲስክ አወጡ። ላይዋ ላይ በእስክሪብቶ «መተዳደሪያ ደንብ፣ 1989» ይላል። አብራቸው የመጣችው የልጅ ልጃቸው እዚሁ ቦንጋ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ድሮ ወደ ፍላሽ ተገልብጦ የቆየውን ቅጂ ከፍታ ነበር።

«ጋሼ፣ ቫይረስ በልቶታል» አለችኝና በስልኳ ያነሳችውን ፎቶ አሳየችኝ። ገጹ ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደል፣ ቃለ አጋኖ፣ የፐርሰንትና የዶላር ምልክት ተዘባርቆበታል።

እኔ ግን ደስ አለኝ። ቫይረስ ሲበላ እንዲህ አይበላም። በቃላቱ መሃል ክፍት ቦታው በሥርዓት አለ። አንቀጾቹ እንደተደረደሩ ናቸው። ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ በሚመስልበት ቦታ ሁሉ አንድ ዓይነት ምልክት ይደጋገማል፤ እሱ አራት ነጥብ ነው። ደንቡ ሙሉውን አለ፣ የጠፋው አንባቢው ነው። አንባቢው ደግሞ እኔ ቤት አለ። ከሞተ አሥራ ስድስት ዓመት ቢያልፈውም እስከ ዛሬ ይሠራል።

በ1992 ዓ.ም. ከጅማ በአይሱዙ ያመጣሁት 486 ኮምፒዩተር ነው፤ ያኔም አዲስ አልነበረም። ስምንት ሜጋባይት ሚሞሪ፣ 420 ሜጋባይት ሀርድ ዲስክ፣ ዶስና ዊንዶውስ 3.1። ያኔ መንገዱ ኮረኮንች ስለነበር ሞኒተሩን ጋቢና ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፌ ነው የጎጀብን ወንዝ የተሻገርኩት። አንድ ቀን አልነሳ ሲለኝ መብረቅ የመታው መስሎኝ ነበር። ስፈታው ግን ሰዓትና ቀን የምትጠብቀው፣ በርሜል የምትመስለው ትንሽ ባትሪ ማዘርቦርዱ ላይ ፈስሳ መስመሮቹን አረንጓዴ አድርጋ በልታቸዋለች። የዚያ ዘመን ማሽኖች ብዙዎቹ የሚሞቱት በዚህ ነው። አሮጌ ኮምፒዩተር ቆጥ ላይ የሰቀላችሁ ካላችሁ ንባቡን እዚህ ላይ አቁሙና ባትሪውን አውጡ፤ እኔ እጠብቃችኋለሁ።

ሀርድ ዲስኩ ደህና ነበር። በርካሽ ማገናኛ ገመድ ከላፕቶፕ ጋር አያይዤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ገለበጥኩት። ያ ሁሉ ነገሬ፣ ጽሑፉም ጨዋታውም የአማርኛ ሶፍትዌሩም፣ አንድ ፋይል ሆኖ ወጣ። 420 ሜጋባይት ዛሬ ለአንድ ሠርግ ቪዲዮ እንኳ አይበቃም። ያኔ ግን ሀብት ነበር።

ያን ፋይል የሚያስነሳልኝ ኢሙሌተር ነው። ኢሙሌተር አንዱን ኮምፒዩተር ሌላ ኮምፒዩተር አስመስሎ የሚያሠራ ፕሮግራም ነው። ትርጉሙ ይኸው ነው፤ አሠራሩ ግን የሚያስገርም ነው። እዚህ አገር ችሎት ገብቶ የሚያውቅ ሰው አስተርጓሚውን ያስታውሳል። ምስክሩ በአካባቢያችን ቋንቋ፣ በካፊ ኖኖ፣ አንድ ቃል ይናገራል፤ አስተርጓሚው ተቀብሎ በአማርኛ ይለዋል፤ ዳኛው ይጽፋል፤ ምስክሩ ይቀጥላል። ኢሙሌተርም አሮጌው ፕሮግራም ለ486 የሚሰጠውን ትእዛዝ አንድ በአንድ እየተቀበለ አዲሱ ፕሮሰሰር በሚገባው ቋንቋ ይፈጽመዋል። ፕሮግራሙ ሌላ ቤት እንደገባ አያውቅም። ስክሪን ሲጠይቅ ስክሪን አለ ይባላል፤ ድምፅ ሲጠይቅ የድምፅ ካርድ አለ ይባላል። ብልጥ አስተርጓሚም አለ፦ ምስክሩ ደጋግሞ የሚለውን ነገር አንዴ ተርጉሞ በማስታወሻው ይይዝና ሲመለስበት ከዚያው ያነባል። ዶስቦክስ የተባለው ኢሙሌተር ሁለቱንም ዘዴ ያውቃል። የትኛውን እንደሚጠቀም ባለቤቱ መምረጥ ይችላል።

ሐሳቡ ከግል ኮምፒዩተር ራሱ ይቀድማል። የሒሳብ ሊቁ አላን ቱሪንግ በ1936 እ.ኤ.አ. አንድ ማሽን የሌላው ማሽን አሠራር ከተነገረው ያንኑ ሆኖ ሊሠራ እንደሚችል በሒሳብ አሳይቶ ነበር። አይቢኤም ደግሞ በ1964 እ.ኤ.አ. ሲስተም 360ን ሲያወጣ 1401 ለሚባለው አሮጌ ማሽኑ የተጻፉ ፕሮግራሞችን እንዲያሠራ አደረገው። ደንበኞቹ የለፉበትን ፕሮግራም ጥለው አዲስ ማሽን እንደማይገዙ አውቋል።

በአውሮፓና በአሜሪካ የቤት ኮምፒዩተር ናፍቆት የሚባለው በአብዛኛው ኮሞዶር 64 እና ስፔክትረም ነው። ሁለቱም በ1982 እ.ኤ.አ. የወጡ፣ ከቤት ቴሌቪዥን ጋር የሚገናኙ፣ ፕሮግራማቸውን ከካሴት የሚያነቡ ነበሩ። የኮሞዶሩ ኢሙሌተር ቫይስ ይባላል፤ እኔም ኮሞዶርን ያወቅሁት በእሱ ብቻ ነው። የእኔና የእኩዮቼ ናፍቆት ግን ግራጫ ሣጥን ያለው ፒሲ ነው። ለእሱ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዶስቦክስ አለ፤ በነጻ የሚሰጥ፣ በደካማ ላፕቶፕም የሚሠራ። ሠሪዎቹ ለጨዋታ ብለው እንደሠሩት አይደብቁም። ዊንዶውስ 95 የሚፈልግ ወደ ዶስቦክስ ኤክስ ወይም ወደ 86ቦክስ ይሂድ። ፕሮግራሞቹን በተመለከተ፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብት ጥበቃ አለው። ስለዚህ «ያረጀ ሁሉ የማንም ነው» የምትሉ ልጆች ረጋ በሉ።

ስለ ፍጥነትም ትንሽ ልበል። ዲገር የሚባለውን የ1983 እ.ኤ.አ. ጨዋታ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ፤ መሬት እየማሰ መረግድ የሚለቅም ትንሽ ማሽን ነው። የተጻፈው በ4.77 ሜጋኸርዝ ለሚያዘግመው የመጀመሪያው አይቢኤም ፒሲ ነበር። ፈጣን ማሽን ላይ ሲከፈት ጨዋታው ከማለቁ በፊት መጀመሩን አታዩም። የድሮው ሣጥን ፊት ላይ ተርቦ የሚባል ቁልፍ የነበረው ለዚህ ነው። ሰው ሁሉ የሚያፈጥን ይመስለው ነበር፤ ዋና ጥቅሙ ግን እንዲህ ላለው ጨዋታ ሲባል ማሽኑን ማዘግየት ነው። በዶስቦክስ ኮንትሮልና ኤፍ 11 ያዘገያል፣ ኮንትሮልና ኤፍ 12 ያፈጥናል። «ኢሙሌተር ጨዋታ ያበላሻል» የሚሉኝ ወጣቶች እነዚህን ሁለት ቁልፎች ነክተው አያውቁም።

አሁን ወደ ቫይረሱ ልመለስ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው።

ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፣ የሚያውቀው ቁጥር ነው። በዚያ ዘመን ለአንድ ፊደል የሚሰጠው ቦታ አንድ ባይት ነበር፤ አንድ ባይት ደግሞ 256 ልዩነት ብቻ ይይዛል። ከዚያም ውስጥ የታችኛውን ግማሽ እንግሊዝኛው፣ ቁጥሩና የማሽኑ ልዩ ትእዛዞች ቀድመው ይዘውታል። የእኛ ፊደል 33 ጊዜ 7፣ 231 ነው፤ እነ ቋ፣ ጓ እና ሏ ሲጨመሩ፣ ነጥቦቹና ሃያዎቹ የግዕዝ ቁጥሮች ሲከተሉ ከሦስት መቶ ያልፋል። ሣጥኑ አይበቃም። የዶሱ ዘመንም ከዚህ የተሻለ አልነበረም፤ ቪጂኤ ካርድ በጽሑፍ ስክሪን ላይ የሚይዘው 256 የፊደል ቅርጽ ነው፣ ቀለም ሠውተንለት 512።

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ የነበሩት እነ ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ፣ ኋላም አዲስ አበባ እነ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ የሚባሉትን የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች የሠሩት ሰዎች የተጋፈጡት ይህንን ጥበት ነው። መላቸው እንዲህ ነበር፦ የላቲን ፊደል የሚቀመጥበትን ቁጥር ይወስዱና ቅርጹን ብቻ በእኛ ፊደል ይተኩታል። ኮምፒዩተሩ የላቲን ፊደል የጻፈ ይመስለዋል፤ ዓይናችን «ሀ» ያያል። አንዱ ትርፉን ፊደል በሁለተኛ ፎንት ያስቀምጣል፤ ሌላው ግንዱን ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ አድርጎ እላዩ ላይ ያትመዋል። እያንዳንዱ ቤት የየራሱን ድርድር አወጣ፤ የአንዱ ቤት «ለ» ሌላው ቤት ሲሄድ ሌላ ፊደል ነው። የሚያስማማ ነገር የመጣው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል 345 ቦታ የሰጠ ጊዜ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» የትም ቢሄድ «ሀ» ነው።

ከዚያ በፊት የተጻፈው ሁሉ ግን ጭምብል ያደረገ ነው። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ጭምብሉ ይወልቅና ከሥሩ ያለው ላቲን ይወጣል። ልጅቷ ያየችው ይህንን ነው። በየመሥሪያ ቤቱና በየደብሩ ስንት ቃለ ጉባኤ፣ ስንት የትምህርት ማስታወሻ «ቫይረስ በላው» ተብሎ እንደተደመሰሰ ሳስብ እናደዳለሁ። በእኛ አካባቢ ደግሞ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ካፊ ኖኖ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ፣ በዚያው ዘመን በዚያው ማሽን የተተየበ የካፊ ኖኖ ጽሑፍ ዛሬም ያለ ምንም ችግር ይነበባል። ጎረቤቱ ያለው የአማርኛ ፋይል ግን ዝብርቅርቅ ነው። «ቫይረሱ አማርኛ ብቻ ነው እንዴ የሚበላው?» ብዬ ስጠይቅ መልስ የሚሰጠኝ የለም።

«ታዲያ ፎንቱን ብቻ አዲሱ ኮምፒዩተር ላይ ብንጭነውስ?» ትሉኛላችሁ። አንዳንዴ ይሠራል። ብዙ ጊዜ ግን ወይ ሁለተኛው ፎንት ይጎድላል፣ ወይ አዲሱ ፕሮግራም በራሱ ፎንት ይተካዋል። የባሰው ደግሞ እርማት ስትጀምሩ ይመጣል። አዲሱ የጽሑፍ ፕሮግራም እንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሚመስለው የዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ «ላስተካክልልህ» ብሎ ትንሹን ላቲን ወደ ትልቁ ይቀይራል፤ በጭምብሉ በኩል ሲታይ አንዱ ፊደል ሌላ ሆኗል። የጥቅስ ምልክቱንም ያጣምማል፤ እሱም ፊደል ነበር። ከዚያ ሰውዬው ሴቭ ይላል። አሁን እውነትም ተበልቷል፤ የበላውም ቫይረስ አይደለም። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፣ አሮጌ ፋይል ከፍታችሁ ዝብርቅርቅ ካያችሁ ምንም ሳትነኩ ዝጉት። ለማስቀመጥ ቢጠይቃችሁ «ኖ» በሉት።

ኢሙሌተሩን የምወደው ለዚህ ነው። ፋይሉን፣ ፎንቱን፣ የጻፈውን ሶፍትዌርና ዊንዶውስ 3.1ን ሳይነጣጠሉ አንድ ላይ ያስነሳቸዋል። ማንም «ላስተካክልልህ» የሚል የለም።

ፍሎፒዋን አየኋት። የቦንጋ እርጥበት ለፍሎፒ ጠላት ነው፤ የብረት መዝጊያዋን ገፋ አድርጌ ሳይ ዳር ዳሩን ሻጋታ ጀማምሯታል። እንዲህ ያለች ዲስክ አንባቢ ውስጥ ብትገባ ራሷም ትጫራለች፣ አንባቢውንም ታቆሽሻለች። ስለዚህ ፍላሹ ላይ ያለውን ቅጂ ልሞክር አልኩ። ልጅቷ «ኖ» ብላ ዘግታው ኖሯል፤ መረቅኋት።

ላፕቶፑ ላይ 486ቱን አስነሳሁት። ጥቁሩ ስክሪን፣ ከዚያ ዊንዶውስ 3.1። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ ነበር። የመጀመሪያው ሶፍትዌር ሌላ ዝብርቅርቅ አወጣ፤ አሁን ግን የአማርኛ ዝብርቅርቅ፣ «ጸቀለ ኘሙ» የሚል ዓይነት። የሌላው ቤት ድርድር ነው ማለት ነው። ሁለተኛውን ከፈትኩ፤ «አንቀጽ 1፦ ስያሜ» አለ።

አዛውንቱ መነጽራቸውን አደረጉና ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አስደግፈው እየቀነሱ እየጨመሩ ሳይሆን ልክ እንደተጻፈው አነበቡ። ድንኳን፣ ድስት፣ የወንበር ብዛት፣ ለቀብር የቀረ የሚከፍለው ቅጣት። አሥራ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ቆም አሉ።

«ይቺን ያኔም ተሳስቻት ነበር» አሉ። «‹ይቀጣል› ማለት ሲገባኝ ‹ይቀናል› ብዬ ጽፌ ሰው ስቆብኛል።»

ልጅቷ ልታርመው ፈለገች፤ «ተዪው፣ እንዳለ ይቆይ» አሏት። ቀጥታ ማተም አልቻልንም፤ አሮጌው ዊንዶውስ የሚያውቀው ባለ መርፌውን ኤፕሰን ፕሪንተር ነው፣ የእኔው ዶስቦክስም ከፕሪንተር ጋር አይነጋገርም። ስለዚህ እሷ ከጎኑ የራሷን ላፕቶፕ ከፍታ በዩኒኮድ ልትተይበው ተስማማች፤ አያቷም ያነቡላታል ተባለ።

ስድስተኛው ገጽ ላይ ማንበቡን አቆሙ። ቀና ስል ደንቡን ወደ ታች አውርደውታል። ማውሱን ይዘው ጌምስ የሚለውን ሳጥን ከፍተዋል።

«ሶሊቴርም አለ እንዴ?» አሉ፣ ካርዱን እያነሱ።

«አባባ፣ አንቀጽ 31» አለች ልጅቷ።

«ትንሽ ቆዪ፤ ይቺ ቀይዋ ሰባት መግቢያ አላት።»