ኢታኖልና ፈጣኑ መኪና፦ ደካማው ነዳጅ ሞተሩን የሚያበረታው እንዴት ነው?

እ.ኤ.አ. በ2006 ኮኒግሴግ የተባለው የስዊድን ኩባንያ ሲሲኤክስ የሚል ስም የሰጠውን የስፖርት መኪና ለዓለም አስተዋወቀ። የዚህ መኪና ሞተር ስምንት ሲሊንደሮች ያሉትና 4.7 ሊትር መጠን ያለው ሲሆን፣ በቤንዚን ሲሠራ 806 የፈረስ ጉልበት ያመነጫል። በተከታዩ ዓመት በ2007 ኩባንያው ይህንኑ መኪና 85 በመቶ ኢታኖልና 15 በመቶ ቤንዚን በሆነ ቅልቅል እንዲሠራ አሻሽሎ ሲሲኤክስአር ብሎ አወጣው። የሞተሩ መጠን አልጨመረም። ጉልበቱ ግን ወደ 1018 ከፍ አለ፤ ይህም 26 በመቶ ያህል ጭማሪ መሆኑ ነው።

ይህን አኃዝ ያነበበ ተማሪ፣ ኢታኖል ከቤንዚን የበለጠ ኢነርጂ ያለው ነዳጅ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 32 ሜጋ ጁል ያህል ኢነርጂ ሲሰጥ፣ አንድ ሊትር ኢታኖል የሚሰጠው 21 ሜጋ ጁል ብቻ ነው። ታዲያ ደካማ ማገዶ ብርቱ እሳት ሊሰጥ የሚችለው በምን ተአምር ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ መመለስና ከመልሱም ለአገራችን የሚጠቅመውን ማመልከት ነው።

ሞተርን የሚገድበው አየር ነው

የኢታኖል ሞለኪውል ከሁለት የካርቦን፣ ከስድስት የሃይድሮጅንና ከአንድ የኦክስጅን አቶም የተሠራ ነው። ይህ አንድ የኦክስጅን አቶም ብቻውን ከሞለኪውሉ ክብደት 35 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ኦክስጅን ራሱ ስለማይቃጠል፣ ኢታኖል ገና ወደ ሞተር ሳይገባ በከፊል «የተቃጠለ» ነዳጅ ነው ለማለት ይቻላል። በሊትር የሚሰጠው ኢነርጂ ያነሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን ይኸው ባሕርይ ሌላ ውጤት አለው። ነዳጁ ኦክስጅን በከፊል ይዞ ስለሚመጣ፣ ከውጭ የሚፈልገው አየር አነስተኛ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም አየር ሲያስፈልገው፣ ለአንድ ኪሎ ግራም ኢታኖል 9 ኪሎ ግራም አየር ይበቃል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነጥብ አለ። ወደ ሞተር የሚገባውን ነዳጅ እንደፈለግን መጨመር እንችላለን፤ ትልቅ ኢንጀክተር መግጠም ብቻ ነው። አየር ግን ቦታ ይፈልጋል። አንድ ሲሊንደር በአንድ ምት የሚስበው አየር በመጠኑ የተወሰነ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «አንድ ሊትር ነዳጅ ምን ያህል ኢነርጂ ይሰጣል?» የሚለው ሳይሆን «አንድ ኪሎ ግራም አየር በዚህ ነዳጅ ምን ያህል ኢነርጂ ያስገኛል?» የሚለው ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ኪሎ ግራም አየር 68 ግራም ቤንዚን ያቃጥላል፤ ከዚህም 2.9 ሜጋ ጁል ያህል ይገኛል። ያው አየር 111 ግራም ኢታኖል ያቃጥላል፤ የሚገኘውም 3 ሜጋ ጁል ያህል ነው። ሁለቱ ነዳጆች ከሞላ ጎደል እኩል ሆኑ ማለት ነው። የኢታኖል ድክመት የሚታየው በነዳጅ ማጠራቀሚያው ውስጥ እንጂ በሲሊንደሩ ውስጥ አይደለም።

ይህ እኩልነቱን እንጂ ብልጫውን አይገልጽም። ብልጫው የሚመጣው ከሁለት ሌሎች ባሕርያት ነው።

መርፌ ከመወጋታችን በፊት የሚሰማን ቅዝቃዜ

ነርሷ መርፌ ከመውጋቷ በፊት በአልኮል የራሰ ጥጥ ክንዳችን ላይ ስትቀባ የሚሰማንን ቅዝቃዜ ሁላችንም እናውቃለን። አልኮሉ ለመትነን ሙቀት ያስፈልገዋል፤ ያንንም ሙቀት ከቆዳችን ይወስዳል። በፊዚክስ ይህ ድብቅ የትነት ሙቀት ይባላል።

በሞተር ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። አንድ ግራም ቤንዚን ለመትነን 350 ጁል ያህል ሲፈልግ፣ አንድ ግራም ኢታኖል 900 ጁል ገደማ ይፈልጋል። በተጨማሪም ለአንድ ዓይነት አየር የሚገባው ኢታኖል በክብደት ከቤንዚኑ ይበልጣል። ሁለቱን ስናጣምር፣ ኢታኖል ከአንድ ኪሎ ግራም አየር 100 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት መውሰድ ሲችል ቤንዚን የሚወስደው 24 ኪሎ ጁል ያህል ብቻ ነው፤ ልዩነቱ አራት እጥፍ ነው። በተግባር የዚህ ሙቀት ከፊሉ ከአየሩ ሳይሆን ከቫልቮችና ከሲሊንደሩ ግድግዳ ይወሰዳል። ቢሆንም አየሩ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ አየር እፍጋቱ ይጨምራል፤ በዚያው ሲሊንደር ውስጥም ብዙ አየር ይገባል።

ሁለተኛው ባሕርይ ማንኳኳትን መቋቋም ነው። የቤንዚን ሞተር አየርና ነዳጁን ካመቀ በኋላ በካንዴላ ብልጭታ ያቀጣጥላል። እመቃው ከልክ ካለፈ ግን ቅልቅሉ የካንዴላውን እሳት ሳይጠብቅ በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። ሞተሩ ሲንኳኳ የምንሰማው የዚህ ፍንዳታ ድምፅ ነው፤ ከቀጠለም ፒስተን ይበሳል። ነዳጅ ይህን የሚቋቋምበት አቅም በኦክቴን ቁጥር ይለካል። የተለመደው ቤንዚን 91 ወይም 95 ሲሆን ኢታኖል ከ105 በላይ ነው።

ይህ ለምን ይጠቅማል? የእመቃ ምጣኔው ባደገ ቁጥር የሞተሩ ብቃት ያድጋል። በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ምጣኔው ከ9 ወደ 12 ሲያድግ ብቃቱ ከ58.5 ወደ 63 በመቶ ከፍ ይላል። እውነተኛ ሞተሮች ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ብቃት ቢኖራቸውም አቅጣጫው አንድ ነው። የስዊድኑ መኪና ደግሞ አየርን በግፊት የሚያስገቡ ሱፐርቻርጀሮች ስላሉት ሌላ መንገድ ነበረው፤ ይኸውም የአየሩን ግፊት መጨመር ነው። በቤንዚን ቢሆን ሞተሩን የሚያንኳኳው ግፊት በኢታኖል ያለ ስጋት ይሠራል። ከ806 ወደ 1018 የተደረሰበት ዋናው ምሥጢር ይህ ነው። ኩባንያው በ2019 ያስተዋወቀው ጄስኮም በቤንዚን 1280፣ በኢታኖል ቅልቅል 1600 የፈረስ ጉልበት እንዲሰጥ ሆኖ ተሠርቷል።

መለወጥ ሲባል ምን ማለት ነው?

ከላይ ያየነው ጥቅም የሚገኘው ሞተሩ ለነዳጁ ሲዘጋጅ ብቻ ነው። ለቤንዚን በተሠራ መኪና ውስጥ ኢታኖል ቢሞላ ምን ይሆናል? ለዚያው አየር የሚያስፈልገው ኢታኖል በመጠን ከቤንዚኑ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነው። ኢንጀክተሩ የለመደውን ያህል ብቻ ከረጨ ሞተሩ ከሚፈልገው ነዳጅ ሁለት ሦስተኛውን ያህል ብቻ ያገኛል። ይቆራረጣል፤ ጉልበቱ ይወድቃል፤ በከባድ ጭነትም ሊጎዳ ይችላል።

ስለዚህ ለውጡ ቢያንስ አራት ነገሮችን ይጠይቃል። አንደኛ፣ ብዙ ነዳጅ የሚያሳልፉ ኢንጀክተሮችና ፓምፕ ያስፈልጋሉ። ሁለተኛ፣ የነዳጁን መጠንና ካንዴላው የሚለኩስበትን ቅጽበት የሚወስነው ኮምፒዩተር እንደገና መስተካከል አለበት። ሦስተኛ፣ ኢታኖል አንዳንድ የጎማ ዓይነቶችን ስለሚያበላሽና አሉሚኒየምን ሊበላ ስለሚችል፣ ቧንቧዎቹና ማሸጊያዎቹ ይህን በሚቋቋሙ መቀየር አለባቸው። አራተኛ፣ የእመቃ ምጣኔው ወይም የአየሩ ግፊት ከፍ ማለት አለበት። በሲሲኤክስአርም ኢንጀክተሮቹ፣ የነዳጅ ቧንቧዎቹና የፒስተን ቀለበቶቹ ተሻሽለዋል፤ ግፊቱም ጨምሯል። አራተኛው ሥራ ካልተሠራ ግን መኪናው በኢታኖል ይሄዳል እንጂ በኢታኖል አይጠቀምም።

ዋጋም ይከፈላል። በዚህ ቅልቅል የሚሄድ መኪና በአንድ ሊትር የሚጓዘው ርቀት ከ25 እስከ 30 በመቶ ይቀንሳል። ብርድም ጠላቱ ነው። ቤንዚን በአነስተኛ ሙቀት የሚተኑ ክፍሎች ሲኖሩት ኢታኖል ግን የሚፈላው በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ በቀዝቃዛ ጠዋት ሞተር ለማስነሳት ያስቸግራል። አሥራ አምስት በመቶ ቤንዚን የሚጨመርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከእኛ አገር አንጻር

በአገራችን የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከስኳር ምርት ከሚተርፈው ሞላሰስ ኢታኖል ሲያመርት ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ 5 በመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀመረ፤ በ2011ም ወደ 10 በመቶ አደገ። የዚህ ዓላማ ከውጭ የሚገዛውን ቤንዚን መተካት ነበር፤ ተገቢም ነበር። ነገር ግን ከላይ ባየነው ሚዛን ስንመዝነው የኢታኖሉ ትልቁ ሀብት ሳይነካ ቀርቷል። የመኪኖቹ የእመቃ ምጣኔ ለቤንዚን እንደተወሰነ ስለነበር፣ የጨመረው ኦክቴን ሥራ አላገኘም።

የአዲስ አበባ ከፍታ ጉዳዩን ይበልጥ ያጎላዋል። በ2400 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ ያለ ግፊት አየር የሚስብ ሞተር በዚያው ልክ ይደክማል። የሚያምቀው አየር አነስተኛ ስለሆነም የማንኳኳት ስጋቱ ዝቅተኛ ነው፤ ስለዚህ ከፍተኛ ኦክቴን እምብዛም አያስፈልገውም። በተቃራኒው አየር በግፊት የሚያስገባ ሞተር በከፍታ ምክንያት የጠፋውን ሊመልስ ይችላል፤ የኢታኖል ብልጫም እዚያ ላይ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። በመሆኑም ጥያቄው ስለ አዲስ መኪና መሆኑ ቀርቶ በመንገድ ላይ ስላሉት ሞተሮች ሆኗል። እነርሱን በሚገባ ለመለወጥ የሚያስችለው እውቀት ደግሞ በቴርሞዳይናሚክስና በኬሚስትሪ የመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል።

በመጨረሻ አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። ካቲካላም ኢታኖል ነው ብሎ በመኪና ለመሞከር የሚያስብ ወጣት ካለ ይህን ይወቅ፦ በካቲካላ ውስጥ ያለው ውሃ እጅግ ብዙ ነው። ውሃው ከቤንዚን ጋር በተቀላቀለ ኢታኖል ውስጥ ሲገባ ኢታኖሉን ይዞ ከቤንዚኑ ይለያል፤ ወደ ማጠራቀሚያው ሥርም ይወርዳል። ፓምፑ በመጀመሪያ የሚስበውም እርሱን ነው። ነዳጅ ብቻውን ብርቱ ወይም ደካማ አይባልም፤ ብርታቱን የሚሰጠው ባሕርዩን ተረድቶ የተዘጋጀለት ሞተር ነው።