በድምፅ ጥቂት፣ በአነጋገር ሙሉ፤ ስለ ሮቶካስ ቋንቋ

የቋንቋን ነገር ለመመርመር የሚሻ አንባቢ፣ ብዙ ሕዝብ የሚናገራቸውን ቋንቋዎች ብቻ ቢመለከት ዕውቀቱ ጐደሎ ይሆንበታል። ከጥቂት መንደሮች የማይወጣ ቋንቋም ታላላቆቹ ያልነገሩንን ሊነግረን ይችላልና። ሮቶካስ የሚባለው ከነዚህ አንዱ ነው።

ሮቶካስ የሚነገረው የፓፑዋ ኒው ጊኒ ክፍል በሆነችው በቡገንቪል ደሴት ነው። ተናጋሪዎቹ 4,000 ያህል ናቸው። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ከ800 የሚበልጡ ቋንቋዎች ሲኖሩ፣ ሊቃውንት ሮቶካስን ከፓፑዋ ቋንቋዎች ይቈጥሩታል። ይኸውም የአንድ ዘር ስም አይደለም፤ በዚያ አካባቢ እየተነገሩ ከሰፊው ከአውስትሮኔዥያ ዘር ያልሆኑት ሁሉ በአንድነት የሚጠሩበት ስም ነው።

የመካከለኛው ሮቶካስ ድምፆች 11 ብቻ ናቸው። አናባቢዎቹ አ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኦ፣ ኡ ሲሆኑ፣ ተነባቢዎቹም ፕ፣ ት፣ ክ፣ ቭ፣ ር፣ ግ ናቸው። ስድስቱ ተነባቢዎች ከአምስቱ አናባቢዎች ጋራ ሲጣመሩ 30 ቀለም ይወጣል፤ አናባቢዎቹ ለብቻቸው ሲጨመሩ 35 ይሆናል። አናባቢን ማርዘምና ማሳጠርም የቃሉን ትርጉም ይለያል። ት ከኢ ፊት ሲመጣ ወደ ስ ይለወጣል፤ ስለዚህ በላቲን ፊደል ሲጻፍ 12 ፊደላት ይበቁታል። ቃል ሁሉ በአናባቢ ያበቃል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የም እና የን መታጣት ነው። ኢርዊንና ጃክሊን ፈርቾው የተባሉ አጥኚዎች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1969 ዓ.ም. ይህን ባወጡ ጊዜ ሌላም ነገር መዝግበዋል። ሰዎቹ የውጭ አገር ሰው ቋንቋቸውን ሲያበላሽ እየቀዱ በሚቀልዱበት ጊዜ፣ በአፍንጫ የሚነገሩትን ድምፆች ያወጣሉ። እንግዲህ አፋቸው የማይችለው፣ ጆሯቸውም የማይለየው ሆኖ አይደለም ማለት ነው።

ታዲያ እነዚህ ድምፆች ከጥንት አልነበሩምን? መልሱ ከጎረቤት ተገኘ። አይታ በሚባለው የሮቶካስ ቀበልኛ፣ በአፍንጫ የሚነገሩት ድምፆች ቃልን ከቃል ይለያሉ፤ ተነባቢዎቹም ዘጠኝ ናቸው። ስቱዋርት ሮቢንሰን በ2006 ዓ.ም. ሁለቱን ቀበልኛዎች አስተያይቶ፣ ጥንታዊው ሮቶካስ ዘጠኙንም ተነባቢዎች እንደ ነበሩት፣ በመካከለኛው ግን ሦስቱ ከሌሎች ጋራ ተቀላቅለው እንደ ቀሩ አስረዳ። ስለዚህ የድምፆቹ ማነስ የጀማሪ ቋንቋ ምልክት ሳይሆን ረዥም ታሪክ ያመጣው ለውጥ ነው።

ድምፁ ጥቂት ስለ ሆነ ሰዋስውም ቀላል ይሆናል ብሎ የሚያስብ ቢኖር ተሳስቷል። ሮቶካስ ተባዕትና አንስት ብቻ ሳይሆን ከሁለቱም ያልሆነ ሦስተኛ ጾታ አለው። ቍጥሩም ነጠላና ብዙ ተብሎ አይበቃም፤ ለሁለት የተለየ አነጋገር አለ። እንደ አማርኛ ሁሉ ግሱ ባብዛኛው ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይውላል፤ የድርጊቱ ባለቤትና ጊዜውም በግሱ ጫፍ ላይ ይታወቃሉ።

ግሶቹ ደግሞ ባለቤቱን በሚያመለክተው ጫፋቸው በሁለት ወገን ይከፈላሉ። ድርጊታቸው በሌላ ላይ የሚያርፍ ግሶች ባብዛኛው በአንደኛው ወገን ይሰለፋሉ። ነገር ግን ኦራ የሚለው ምዕላድ ከፊት ሲገባና ድርጊቱ ወደ ራስ ወይም እርስ በርስ ሲመለስ፣ ያው ግስ የሌላውን ወገን ጫፍ ይይዛል። በ11 ድምፅ የሚነገር ቋንቋ ይህን ያህል ረቂቅ ልዩነት ይጠብቃል።

በፓፑዋ ኒው ጊኒ ዛሬ ቶክ ፒሲን የተባለው የመገናኛ ቋንቋ እጅግ ተስፋፍቷል፤ ትንንሾቹ ቋንቋዎችም ከእርሱ ጋራ ይጋፋሉ። አንባቢ ሆይ፣ የአይታ ቀበልኛ ሳይመረመር ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ፣ የመካከለኛው ሮቶካስ ድምፆች ከጥንት ጀምሮ ጥቂት እንደ ነበሩ አድርገን በተቀበልን ነበር። ስለዚህ አንድ ቀበልኛ ሲጠፋ ለጎረቤቱ ታሪክ የሚመሰክርለትም አብሮ ይጠፋል። የጥቂት ሰዎች ነው ተብሎ ቸል የሚባል ቋንቋ የለም የምንለውም ስለዚህ ነው።