ሃይማኖትን የሚቈጥር መዝገብ

አድልዎን የሚጠላ መንግሥት የዜጎቹን ሃይማኖት ከመጠየቅ ይታቀባል ብሎ የሚያስብ ሰው፣ በሰሜን አየርላንድ ሥራ ለመያዝ ማመልከቻ ቢያቀርብ፣ ከማመልከቻው ጋር የሚደርሰውን አንዲት ቅጽ ሲያይ መደነቁ አይቀርም፤ ቅጿ ከፕሮቴስታንቱ ማኅበረሰብ ወገን ነህን፣ ከካቶሊኩ ወገን ነህን፣ ወይስ ከሁለቱም አይደለህም ብላ ትጠይቀዋለችና። እኔም የዚህን ሕግ ነገር መጀመሪያ ባነበብሁ ጊዜ የተገላቢጦሽ መስሎኝ ነበር።

የጥያቄውን ምንጭ ለመረዳት በቤልፋስት ወደሚገኘው የመርከብ መሥሪያ ስፍራ መመለስ ያሻል። ታይታኒክን በሠራው በሀርላንድና ዎልፍ ድርጅት ከሚሠሩት አብዛኞቹ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1920 ካቶሊካውያኑና የእነርሱ ወዳጆች ናቸው የተባሉ ፕሮቴስታንቶች በገዛ የሥራ ባልደረቦቻቸው ተደብድበው፣ አንዳንዶቹም ወደ ውሃው ዘለው በዋና ሲሸሹ የብረት ቍርጥራጭ እየተወረወረባቸው፣ ከሥራቸው ተባረሩ። ይህ ግሁድ ግፍ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን የቈየው ግን በአብዛኛው ድምፅ አልነበረውም፤ አባት ልጁን፣ አጎት የእኅቱን ልጅ ለአለቃው እያቀረበ፣ የክፍት ሥራውም ወሬ በዘመድና በጎረቤት አፍ ብቻ እየተነገረ፣ አንዳንድ ጊዜም ማንም ማንንም በልቡ ሳይጠላ፣ አንድ ፋብሪካ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ወገን ሰዎች ይሞላ ነበር። ወገንን ለመለየትም ጥያቄ አያስፈልግም፤ የሁለቱ ማኅበረሰቦች ልጆች በአብዛኛው ተለያይተው የሚማሩ በመሆናቸው የትምህርት ቤቱ ስም፣ የሰፈሩ ስም፣ የባለቤቱም ስም ሃይማኖቱን ይናገሩበታል። በእኛም አገር ስም ብዙ እንደሚያወራ አንባቢ አይስተውም።

በ1976 የወጣው ሕግ እንዲህ ያለውን አድልዎ ከለከለ፤ ክልከላው ግን ብዙ አላፈራም፤ ከካቶሊክ ወንዶች መካከል ሥራ አጥ የሆኑት፣ በመቶኛ ሲሰላ፣ ከፕሮቴስታንቶቹ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ሆነው ቀጠሉ። ተበደልሁ የሚለው ሰው ማስረጃውን ፈልጎ መክሰስ ነበረበት፤ ነገር ግን በሩ ሳይከፈትለት የቀረ ሰው በውስጥ እነማን እንደ ተቀመጡ በምን ያውቃል? በኖቤል የሰላም ተሸላሚው በሾን ማክብራይድ ስም የሚጠሩት፣ ያለ አድልዎ መቅጠርን የሚመለከቱ ዘጠኝ መርሖች በ1984 ወጡ፤ በአሜሪካም አንዳንድ ግዛቶች የጡረታ ገንዘባቸው የገባባቸው ኩባንያዎች በሰሜን አየርላንድ ሰው እንዴት እንደሚቀጥሩ ይመረምሩ ጀመር።

ከዚህ በኋላ የመጣው የ1989 ሕግ ሸክሙን ከከሳሹ ትከሻ አንሥቶ በአሠሪው ላይ ጣለው። ከዐሥር በላይ የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች ያሉት አሠሪ የሠራተኞቹን ወገን በየዓመቱ በአኃዝ ለእኩልነት ኮሚሽን ያሳውቃል፤ የቅጥሩን፣ የሥልጠናውንና የሹመቱንም አሠራር በየሦስት ዓመቱ ይመረምራል። ያቺ ቅጽ መለያ ቍጥር ተጽፎባት ከማመልከቻው ተለይታ ትቀመጣለች፤ ለሥራው የሚመርጡት ሰዎች አያዩአትም። ሚዛኑ ተዛብቶ ቢገኝ አሠሪው ማስታወቂያውን ወደ ቀረው ወገን እንዲያደርስ፣ የአንዱን ወገን ባንዲራና ዐርማ ከሥራው ቦታ እንዲያወርድ ይደረጋል እንጂ፣ ሥራውስ የሚሰጠው በችሎታው ለበለጠው ነው። ልብንና ኵላሊትን የሚመረምር እግዚአብሔር ነው፤ ይህ ሕግ ግን የአሠሪውን ልብ ክፉ ነው ብሎ ሳይከስ መዝገቡን ብቻ አምጣ ማለቱ ከሁሉ ይልቅ ብልሃቱ ይመስለኛል።

ፖሊሱ ግን ከዚህ ወጣ ባለ ደንብ ሄዷል፤ ከ2001 እስከ 2011 ከአዲስ ምልምሎቹ እኩሌታው ካቶሊክ እንዲሆን ታዞ፣ 8 ከመቶ ያህል የነበረው ድርሻቸው ወደ 30 ከመቶ ከፍ አለ። መምህራንን ከአድልዎው ክልከላ ውጭ ያደረገውን አንቀጽ የሚሽር ሕግ የወጣው ደግሞ በ2022 ነው፤ ልጆች የሚለያዩበት ቤት ከሁሉ በኋላ ተነካ።

ቅጿ የምትጠይቀው ስለ እምነት ሳይሆን ሰውየው ስላደገበት ወገን ስለ ሆነ፣ እግዚአብሔርን የካደውም ሰው ከካቶሊኮች ወይም ከፕሮቴስታንቶች መካከል ይቈጠራል። መልስ ሳይሰጥ ቢቀር፣ አሠሪው አመልካቹ የተማረበትን ትምህርት ቤት የመሰለ መረጃ አይቶ እንዲገምት ይፈቀድለታል። እንግዲህ ፊደልን በጎንደር የቈጠረ ኦርቶዶክሳዊ ወደ ቤልፋስት ሄዶ ሥራ ቢለምንና ቅጿን ባዶ ቢመልስ፣ መዝገብ ያዡ የትምህርት ቤቱን ስም ደጋግሞ አንብቦ፣ ብዕሩን አንሥቶ፣ «ያልታወቀ» ብሎ ይጽፋል።